ከግቢዬ በር ማለፍ አቃተኝ

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ ከደብረ ማርቆስ የመጣ ነው። ረዘም ስለሚል አሳጥሬዋለሁ፤ ቃሉ ግን የእሷ ነው።

«33 ዓመቴ ነው። ባለትዳርና የአንድ ልጅ እናት ነኝ። ቤቴ ውስጥ ልብስ እሰፋለሁ። የዛሬ ሁለት ዓመት አዲስ አበባ የታላቅ ወንድሜን ለቅሶ ደርሼ በአውቶቡስ ስመለስ፣ ጎሃ ጽዮንን አልፈን አባይ በረሃን መውረድ እንደጀመርን ልቤ ደረቴን ጥሶ ሊወጣ ደረሰ። ትንፋሽ አጠረኝ። ጣቶቼና ከንፈሬ ደነዘዙ። ላብ አጠመቀኝ። ‹ሞትኩ፣ አውርዱኝ!› ብዬ ጮህኩ። ሹፌሩ ዳር ይዞ አቆመ። ሰው ከበበኝ። አንዷ ክብሪት ጭራ አሸተተችኝ። ትንሽ ቆይተን ጉዞ ቀጠልን። ደጀን ስንደርስ ምንም እንዳልነበረ ለቆኛል። በማግስቱ ሆስፒታል ሄድኩ። ልቤን በኢሲጂ አዩኝ። የደም ግፊቴን ለኩኝ። ‹ምንም የለብሽም› አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ አውቶቡስ አልተሳፈርኩም። በወሩ ደግሞ ያው ነገር ገበያ መሐል መጣብኝ። ያስለካሁትን ጤፍ ጥዬ ሮጬ ወጣሁ። ገበያ ቀረ። ቀጥሎ የባንክ ሰልፍ ቀረ። ቀጥሎ ቤተ ክርስቲያን፣ ከዚያ የማርያም ማኅበሬ። አሁን ከግቢ በር አላልፍም። ካለፍኩም ሎሚ በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ፣ ውሃ ይዤ፣ የ9 ዓመት ልጄን አስከትዬ ነው። ክርና ዚፕ የምትገዛልኝም እሷ ናት። ባለቤቴ ደግ ነው፤ ‹ካስቸገረሽ አትውጪ፣ እኔ እያለሁልሽ› ይለኛል። እናቴ ጠበል ግቢ ትላለች። ጎረቤት ምን እንደሚል አውቃለሁ። ከአራት ወር በኋላ የእህቴ ልጅ ሰርግ አዲስ አበባ ነው። መሄድ እፈልጋለሁ። ላብድ ነው? ወይስ ልቤ አንድ ቀን ቀጥ ይላል?»

እህቴ፣

አላበድሽም፣ አታብጂምም። ልብሽ ተመርምሮ ደህና ነው ከተባለ ደግሞ በዚህ ነገር ቀጥ አይልም። መጀመሪያ ላይ የጻፍኩልሽ ቀሪውን ተረጋግተሽ እንድታነቢ ነው። እዚህ ዓምድ ላይ ከመጻፌ በፊት ለዓመታት ነርስ ነበርኩ። በሰው ተደግፈው «ሞትኩ» እያሉ ገብተው፣ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ነጠላቸውን አስተካክለው በእግራቸው የሚወጡ ሰዎች ስንቱን አይቻለሁ። ሲወጡ ደግሞ ያፍራሉ። የሚያሳፍር ነገር ግን የለውም።

ያ «ምንም የለብሽም» የሚል መልስ ያናድደኛል። ልብሽ ደህና ነው ማለትና ምንም የለብሽም ማለት ለየቅል ናቸው። የሆነ ነገርማ ይዞሻል። ከልብሽ አይደለም እንጂ። ስምም አለው። አባይ በረሃ ላይ የመጣብሽ ድንገተኛ የፍርሃት ማዕበል ፓኒክ አታክ ይባላል። እሱ ተመልሶ እንዳይመጣ ብለሽ ከቦታ ቦታ መሸሽሽ ደግሞ አጎራፎቢያ ይባላል። ስሙን ያወጣለት ካርል ዌስትፋል የሚባል የበርሊን ሐኪም ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1871። አደባባይ ማቋረጥ ስላቃታቸው ሦስት ሰዎች ጽፎ ነበር። ሦስቱም ወንዶች ነበሩ። (ይህን ለባልሽ ንገሪው።) «አጎራ» በግሪክኛ ምን ማለት እንደሆነ ታውቂያለሽ? ገበያ፣ አደባባይ። አንቺ ጤፍሽን ጥለሽ የሮጥሽበት ቦታ ለበሽታው ስም ሆኗል። እንግዲህ ከአንቺ በፊት ስንት ሰው ከገበያ እንደሮጠ አስቢው።

በእርግጥ እኔ በደብዳቤ በሽታ አልመረምርም። በኋላ ወደ ሐኪም እልክሻለሁ። አሁን ግን ሰውነትሽ ምን እንዳደረገ ልንገርሽ፣ ምክንያቱም ግማሹ ፍርሃት የሚመጣው ካለማወቅ ነው።

ሌሊት ከቤትሽ ወጣ ብለሽ ጅብ ፊት ለፊት ብትገጥሚ ምን ትሆኛለሽ? ልብሽ ይዘላል። ትንፋሽሽ ይፈጥናል። ደሙ ወደ ጭንና ወደ ክንድ ይሄዳል። ይህን የሚያዘው አድሬናሊን ነው፤ ከኩላሊት በላይ ከተቀመጡ ሁለት ትናንሽ ዕጢዎች ይለቀቃል። ሥራው አንቺን ማስሮጥ ነው። ጅቡ ካለ ትሮጫለሽ፣ ጉልበቱም እዚያው ያልቃል። አውቶቡስ ወንበር ላይ ግን ጅብም የለ፣ መሮጫም የለ። ሰውነትሽ በባዶ ሜዳ ደወል ደወለ። አንቺም ደወሉን ሰማሽና «የሞት ነው» አልሽ። «የሞት ነው» ስትዪ ሰውነትሽ ይበልጥ ደነገጠና ተጨማሪ አድሬናሊን ለቀቀ። አየሽ ዙሪያውን?

የጣትሽና የከንፈርሽ መደንዘዝም ከዚሁ ነው። ቶሎ ቶሎ ስትተነፍሺ ከደምሽ ውስጥ ብዙ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። ያን ጊዜ ጫፍ ጫፉ ይነዝራል፣ ይደነዝዛል፣ ራስ ይዞራል። አስቂኙ ነገር ትንፋሽ ያጠረሽ የሚመስልሽ ከሚገባው በላይ ስለተነፈስሽ ነው። «እወድቃለሁ» የሚለውም እንደዚያው። ሰው ራሱን የሚስተው ብዙውን ጊዜ የደም ግፊቱ ሲወርድ ነው። በፓኒክ ጊዜ ግን ግፊት ከፍ ይላል። ስለዚህ የሚወድቅ ሰው ብርቅ ነው። አንቺ በሁለት ዓመት ውስጥ ስንት ጊዜ መጣብሽ? ስንት ጊዜስ ወደቅሽ? ደብዳቤሽ ላይ አንድም መውደቅ አላየሁም።

አሁን ደብዳቤሽን መልሰሽ አንብቢው። በግማሽ መስመር ያለፍሻት ነገር አለች። «የታላቅ ወንድሜን ለቅሶ ደርሼ።» ከዚያ ቀጥታ ወደ አውቶቡሱ ገባሽ። ለቅሶ ቤት ስንት ሌሊት ሳትተኚ ቆየሽ? ስንት ስኒ ቡና ጠጣሽ? እህል የቀመስሽውስ መቼ ነው? የጎጃም አውቶቡስ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ስለሚነሳ ቁርስ የሚባል ነገር እንደሌለ አውቃለሁ። በዚያ ላይ መንገዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። ጆሮ ይደፈናል። ሙቀቱ ይጨምራል። መስኮት ልክፈት ብትዪ ደግሞ «ንፋስ ይመታናል!» የሚል መንገደኛ አይጠፋም። አገር ምድሩ እንደ ምጣድ ግሎ እኛ ንፋስ እንፈራለን! እንቅልፍ ያጣች፣ ባዶ ሆዷን የሆነች፣ ወንድሟን የቀበረች ሴት እዚያ የታፈነ አውቶቡስ ውስጥ ልቧ ባይዘል ነበር የሚገርመኝ። አባይ በረሃ ምንም አላደረገሽም። ሐዘንሽ ነው መውጫ ያገኘው።

እና በወጉ አልቅሰሽለታል? ስለ እሱ አንድ መስመር አልጻፍሽልኝም። ስሙን የምታነሺለት ሰው ይኑርሽ። ፎቶውን አውጪው። ለዚህ ሐኪም አያስፈልግሽም።

ቀጥሎ የሆነውን እኛ ጎጃሞች በአንድ ተረት እንጨርሰዋለን፦ እባብ ያየ በልጥ በረየ። አውቶቡሱ እባብ መሰለሽ፣ ገበያው ልጥ ነበር። ሰልፉም ልጥ። ማኅበሩም ልጥ። እንዴት ነው እንዲህ የተዛመተው ካልሽ፣ መልሱ ያቺ ያስለካሻት ጤፍ ውስጥ አለች።

አስቢው። አውቶቡሱ ላይ መሸሽ አልቻልሽም። በረሃ ነው፣ የት ትሄጃለሽ? ትንሽ ቆማችሁ ቀጠላችሁ። ከጎሃ ጽዮን ደጀን ወደ 40 ኪሎ ሜትር ነው፤ በዚያ ጠመዝማዛ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል። አንቺ «ደጀን ስንደርስ ለቆኛል» አልሽኝ። ደጀን አይደለችም ያዳነችሽ፣ ይቅርታ ደጀኖች። የፓኒክ ማዕበል አብዛኛውን ጊዜ በ10 ደቂቃ ውስጥ ጫፍ ይደርሳል፣ ከዚያ ይወርዳል። ሰውነት ለሰዓታት እንደዚያ መቀጠል አይችልም። እኔ እንደምገምተው ድልድዩ ጋ ሳትደርሺ መውረድ ጀምሮ ነበር። ማለትም በጣም በምትፈሪው ቦታ ላይ፣ ሳትሸሺ፣ መድኃኒት ሳትውጪ፣ በራሱ ለቀቀሽ።

ገበያው ላይ ግን ጫፉ ላይ ሳለ ሮጥሽ። ወጣሽ፣ ቀለለሽ። ሰውነትሽ ምን ተማረ? «በመሮጤ ተረፍኩ።» በሚቀጥለው ደግሞ ከገበያው በፊት ሮጥሽ፣ ማለትም አልሄድሽም። አሁንም ቀለለሽ። እንዲህ እያለ ድንበርሽ ግቢሽ በር ላይ ደረሰ። በሁለት ዓመት ውስጥ ይህ ነገር ገበያ መሐል በራሱ ሲያልቅ አንድም ጊዜ አላየሽም። ሁሌም ከማለቁ በፊት ትወጫለሽ። የምነግርሽ ነገር በሙሉ እሷን ነው፦ ሲያልቅ እስክታዪው ድረስ ቆዪ።

አልፈርድብሽም። እኔም አንድ ጊዜ አዲስ አበባ ሊፍት ውስጥ መብራት ጠፍቶብኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ስምንት ወር ሙሉ ደረጃ ለደረጃ ወጣሁ። ለሚጠይቀኝ ሁሉ «ለጉልበቴ ጥሩ ነው» እያልኩ። የአንቺ «ጉልበት» ሥራሽ ነው። ልብስ ሰፊ ነሽ፣ ደንበኛው ቤትሽ ድረስ ይመጣል። ስለዚህ ማንም «ምነው ጠፋሽ?» ሳይልሽ ሁለት ዓመት አለፈ።

ሎሚዋን በተመለከተ ልጨቃጨቅሽ ነው። ሎሚ፣ ውሃ፣ ልጅ። ሦስቱንም ይዘሽ ወጥተሽ ምንም ሳትሆኚ ብትመለሺ «ሎሚዋ አዳነችኝ» ትያለሽ። አንቺ መቻልሽን አታውቂም። ዛሬውኑ ሁሉንም ጣይ አልልሽም። ከምትይዣቸው ዕቃዎች መጀመሪያ ውሃው ይቅር። ሎሚዋን ግን ለመጨረሻ እናቆያት፣ እንደምትወጃት ገብቶኛል።

ልጅሽን ማስከተል ግን ከሁሉም በፊት ይቅር። የ9 ዓመት ልጅ ክርና ዚፕ ብትገዛ ምንም አይደለም፣ ሁላችንም እየተላክን ነው ያደግነው። የእናቷ ጠባቂ መሆኗ ግን ከባድ ነው። ፊትሽን እያየች «እማ ደህና ነሽ?» ስትል ውስጧ ምን እንደሚጠራቀም አስቢ። «የያዘኝ የፍርሃት ሕመም ነው፣ አይገድልም፣ እየታከምኩ ነው» በያት። ልጆች እውነቱን ይሸከማሉ። የሚከብዳቸው መደበቁ ነው።

አሁን ወደ ሥራው። የደንበኞችሽን ልክ የምትጽፊበት ደብተር አለሽ አይደል? ከጀርባው ጀምሪ። የምትሸሺያቸውን ቦታዎች ጻፊ፣ ለእያንዳንዱ ከ10 ቁጥር ስጪ። አውቶቡስ 10። ገበያ በቀትር 9። በራፍሽ ላይ መቀመጥ ምናልባት 3። የምንጀምረው ከ3 ነው።

በርጩማ አውጥተሽ ከግቢሽ በር ውጭ ተቀመጪ። ብቻሽን። ስፌት አትያዢ፣ ስልክም አትነካኪ። ልብሽ ይመታል፣ ይምታ። «አሁን ስንት ደረሰ?» ብለሽ ራስሽን ጠይቂ። ሲወጣም ሲወርድም ጻፊው። ወደ ግማሽ እስኪወርድ አትነሺ። ሃያ ደቂቃም ይሁን አርባ። በማግስቱም እዚያው። በሦስተኛው አራተኛው ቀን ይሰለችሻል። መሰልቸት ስትጀምሪ ደስ ይበልሽ፣ ቀጣዩ ቦታ ደርሷል ማለት ነው።

ቀጣዩ ሰፈርሽ ያለው ጉልት ነው። ግማሽ ኪሎ ሽንኩርት ግዢ። ገንዘቡን ወርውረሽ አትሩጪ። ተከራከሪ፣ ወሬ ጠይቂ፣ ሌላ ሰው እስኪገዛ ቆመሽ ጠብቂ። ከዚያ ቤተ ክርስቲያን፣ ንግሥ በሌለበት፣ በአዘቦት ቀን። መጀመሪያ ከቅጽሩ ውጭ ተሳልመሽ ቁሚ። ከዚያ ገብተሽ ጽዱ ሥር። ከዚያ ጠጋ በይ። የእኛ ቤተ ክርስቲያን ለእንዲህ ያለ ነገር ይመቻል፤ ውጭ ብትቆሚ «ለምን አልገባሽም?» የሚልሽ የለም።

ገበያውን በሦስት ክፈይው። መጀመሪያ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ፣ ነጋዴው ጆንያውን ሲያወርድ፣ አህያው ገና ሲራገፍ። ሰው ሳስቷል። አንድ ዙር ዞረሽ ተመለሺ። ሌላ ቀን 4 ሰዓት ላይ። በመጨረሻ በቀትር፣ ሰው ከሰው ሲጋፋ፣ በርበሬው አፍንጫ ሲያስነጥስ። ያን ቀን ጤፍ አስለኪ። ጤፉን ይዘሽ ነው የምትመለሺው። ማዕበሉ ከመጣ ጆንያው ላይ ተቀመጪ እንጂ አትውጪ። «ደክሞኝ ነው» በያቸው። ገበያ መሐል ጆንያ ላይ የተቀመጠች ሴት ማንም አያያትም፣ ግማሹ ገበያ እኮ እንደዚያ ነው የተቀመጠው!

አንድ ቀን ሳይሆንልሽ ሮጠሽ ብትመለሺስ? ትመለሻለሽ፣ ይሆናል። ውሃ ጠጪ፣ ፊትሽን ታጠቢ፣ ያኑ ቀን ተመልሰሽ ሂጂ። ቢያንስ እስከ ግማሽ መንገድ። ሌሊቱን ካሳደርሽው ፍርሃቱ እርሾ እንደገባበት ቡሖ ይነሳል።

ማዕበሉ ሲመጣ ምን ላድርግ ካልሽ፣ ብዙ ነገር አታድርጊ። ትከሻሽን ጣይው። በአፍንጫሽ እስከ 4 እየቆጠርሽ ሳቢ፣ እስከ 6 እየቆጠርሽ በቀስታ አውጪ። ማውጣቱ ይርዘም። ፌስታል አፍሽ ላይ አድርገሽ አትተንፍሺ፣ እሱ አደጋ አለው። ክብሪቱም ይቅር፣ የሚሰጥሽ ነገር ቢኖር ሳል ነው። «ሂድልኝ» ብለሽም አትታገዪው። «መጣህ? አውቅሃለሁ። አድሬናሊን ነህ። ተቀመጥ፣ ስትጨርስ ትሄዳለህ» በይው። ጅል ይመስላል። ሞክሪው።

ሌላም አለ። የልብሽን ምት ራሱን ፈርተሻል። ስለዚህ ሆን ብለሽ አስመቺው። ቤትሽ ውስጥ፣ በር ዘግተሽ፣ ዘፈን ከፍተሽ፣ እስክስታ ውረጂ። የጎጃም ልጅ ነሽ፣ አላስተምርሽም። ሁለት ዘፈን እስኪያልቅ። ከዚያ እጅሽን ደረትሽ ላይ አድርጊ። ያው ምት ነው። ያው ላብ፣ ያው የትንፋሽ ማጠር። ሰርግ ላይ ሲሆን ትስቂበታለሽ፣ ገበያ ላይ ሲሆን ኑዛዜ ታስቢበታለሽ። ልብሽ ግን ልዩነቱን አያውቅም።

ቡናውን ቀንሺ። አቦል ጠጪ፣ ቶናና በረካውን ለጎረቤት ተዪላቸው። ካፌይን ብቻውን ይህን ነገር ሊቀሰቅስ ይችላል። ባዶ ሆድ ላይማ በፍጹም። አረቄን ለማረጋጊያ የምትጠቀሚ ከሆነ ደግሞ፣ አልነገርሽኝም ግን ቤት ለቤት የሚወጣበት አገር ስለሆነ ልበል፣ ማታ ያረጋጋሻል፣ ጠዋት ግን ልብሽን በእጥፍ ያዘልለዋል።

ሐኪም ጋ ሂጂ ያልኩሽ ለሁለት ነገር ነው። አንደኛው ማጣራት። ኢሲጂ ብቻውን አይበቃም። የደም ማነስና የስኳር ምርመራ ጠይቂ። እንቅርት ባለበት አገር ነው ያለሽው፤ አንገትሽ ላይ እብጠት ካለ፣ ክብደት ከቀነስሽ፣ እጅሽ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ የታይሮይድ (የአንገት ዕጢ) ምርመራም ይታዘዝልሽ። የዚህ ዕጢ ሆርሞን ሲበዛ ልክ ይህንኑ ይመስላል። ዳገት ስትወጪ ወይ ከባድ ነገር ስትሸከሚ የሚመጣ የደረት ሕመም፣ ወደ ክንድና መንጋጋ የሚሄድ ሕመም፣ በእውነት ራስን ስቶ መውደቅ፣ የእግር ማበጥ ካለ ይህ ጽሑፍ ለአንቺ አይደለም፣ ቶሎ ሐኪም ጋ ሂጂ።

ሁለተኛው የአእምሮ ጤና ክፍል ነው። ከተማሽ ያለው ሆስፒታል ውስጥ አለ። ስሙ አያስደንግጥሽ። ወረፋው ላይ ጎረቤትሽን ብታገኚያት እሷም ለራሷ ጉዳይ መጥታ ነው፣ አታወራብሽም። እኔ የነገርኩሽን የደረጃ ልምምድ ከሚያውቅ ሰው ጋር ብትሠሪው ይቀልሻል። መድኃኒት ከታዘዘልሽ ምናልባት ፍሉኦክሰቲን ወይም ሰርትራሊን ይሆናል። እነዚህ ሱስ አያስይዙም። ግን ወዲያው አይሠሩም፣ ሳምንታት ይፈልጋሉ፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት እንዲያውም ሊያቁነጠንጡሽ ይችላሉ። በሳምንት «አልሠራም» ብለሽ አትጣዪው። ሲሻልሽም በገዛ እጅሽ አታቋርጪ፣ ሐኪሙ ነው ቀስ እያለ የሚያወርደው። ካረገዝሽ ወይም ልታረግዢ ካሰብሽ አስቀድመሽ ንገሪያቸው። ከጎረቤት ዳያዜፓም የሚባለውን ማረጋጊያ ክኒን ተበድረሽ አትውሰጂ። እሱ በግማሽ ሰዓት ያረጋጋል፣ በጥቂት ሳምንታት ደግሞ ያለ እሱ መኖር ሊያቅትሽ ይችላል። ኑሮ ከነጭራሹ አስጠልቶሽ «ምነው በሞትኩ» የሚል ሐሳብ ከመጣብሽ ግን ቀጠሮ አትጠብቂ። ያኑ ቀን ለሰው ተናገሪ፣ ያኑ ቀን ሂጂ።

ለእናትሽ እንዲህ በያት፦ እሺ፣ ጠበል እገባለሁ። ለምን አትገቢም? ጠበል ቦታ እኮ ሰው የሚበዛበት፣ ሰልፍ ያለበት፣ ከቤት የሚያርቅ ቦታ ነው። ለአንቺ ልምምድም ነው። መድኃኒት ከጀመርሽ ግን «እምነት ካለሽ ክኒኑን ጣይ» የሚልሽን አትስሚ። ጾሙም ካደከመሽ የንስሐ አባትሽን አማክሪ፣ ለታመመ ሰው መላ አያጡም።

ባልሽ ይህን እንዲያነብ ስጪው። ወንድሜ፣ ደግነትህን አይቻለሁ። «ካስቸገረሽ አትውጪ» ስትላት ግን ፍርሃቷን ታበላዋለህ። ጎትተህም አታውጣት፣ እሱ ደግሞ ይብስባታል። መጀመሪያ አብረሃት ሂድ። በሚቀጥለው አሥር እርምጃ ከኋላ። በሚቀጥለው ገበያው ዳር ቆመህ ጠብቃት። ከዚያ ቤት ሆነህ ቡና አፍላላት፣ ስኒው አንድ ይሁን። ማዕበሉ ሲመጣባት «አይዞሽ፣ አይዞሽ» እያልክ አታካልባት። «ከ10 ስንት ደረሰ?» በላት። ቁጥሩን ስትፈልግ ልቧ ይመለሳል።

አንድ ነገር ልለይልሽ። መንገድ ተዘግቷል፣ ተኩስ ተሰምቷል በተባለ ቀን ቤት መቀመጥ በሽታ አይደለም። እሱ ማስተዋል ነው። ያን ቀን ልምምዱን ተዪው፣ ራስሽንም አትውቀሺ። ሰላም ሲሆን ግን «የዚያ ቀኑ» ምክንያት እንዳይሰነብትብሽ። ሰፈርሽ ወጥቶ ሲገባ አንቺም ውጪ።

ሰርጉ አራት ወር አለው። ይበቃል አልልሽም፣ አይበቃም ብዬም አላስፈራራሽም። ገበያው ወደ 3 ሲወርድልሽ ባጃጅ ጀምሪ። ከዚያ በሚኒባስ እስከ ሉማሜ ደርሰሽ ተመለሺ። ሁለት ሦስት ጊዜ። ከዚያ ደጀን ድረስ። ደጀን ሻይ ጠጪ፣ ገደሉን ከላይ እዪው። በረሃውን ለመጨረሻ አቆዪው። የወረድሽ ቀን ሌሊቱን ተኝተሽ፣ ቁርስሽን ቀምሰሽ ይሁን፤ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ለመነሳት ዳቦ በፌስታል መያዝ አያቅትሽም። ልብሽ ቁልቁለቱ ላይ ሊመታ ይችላል። ደብተርሽን አውጥተሽ ቁጥሩን ጻፊ። ድልድዩ ጋ ስንት ነበር፣ ደጀን ወይም ጎሃ ጽዮን ላይ ስንት። ቁጥሮቹን ላኪልኝ፣ ማወቅ እፈልጋለሁ።

ሎሚዋን ጎንሽ ለተቀመጠው ሰው ስጪው። መስኮት ዳር ተቀመጪ። ስትከፍቺው «ኧረ ንፋስ!» የሚል አይጠፋም፤ ለእሱ ምን እንደምትመልሺ ለአንቺ ትቼዋለሁ።